የውሻው ቁስልና የአረቄው ውታፍ

ኢንስፔክተር ሠናይት ዓርብ ጠዋት ከደብረ ታቦር ተነሥታ ገሳይ መንደር ስትደርስ፣ አሟሟቱን የምትመረምረው ሰው ከተቀበረ አንድ ቀን አልፎት ነበር። ሬሳ የሌለበት ምርመራ! «መቼም ደህናውን ሥራ ለእኔ አይሰጡኝም» እያለች ከመኪናው ወረደች። በእጇ ያለው የሐኪም ወረቀት ብቻ ነው፤ አቶ አስናቀ ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የከብት መዥገር መድኃኒት የተቀላቀለበት አረቄ ጠጥተው ሞቱ ይላል።

አረቄውን ረቡዕ ማለዳ ያመጣላቸው የልጃቸው የአበበች ባል ሞላ ነው። ከአማቱ ጋር በመሬት ነገር ሲነታረክ አገር ያውቀዋል። የቀበሌው ሚሊሻ ከዚህ ሌላ ምን ይጠይቅ? ያዘና ቆለፈበት። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ታቦር ሊወስዱት ነው። የሟቹ ወንድም ዘውዱ ደግሞ መንገድ ላይ ጠብቆ ሊገድለው ጠመንጃውን ታቅፎ ምሏል። ሠናይት ይህን ስትሰማ አንድ ቦታ መቆም አቃታት። ሰዓቷን አየች፤ ገና ሦስት ሰዓት ነው። ትንሽ ቆይታ ደግማ አየችው።

በግቢው ለሣልስት የመጣ ሰው ድንኳኑን ሞልቶታል። «ይቀመጡ እንጂ» ቢሏት አልሰማችም፤ ቤት ገብታ ጥጋጥጉን ታስስ ጀመር። የአረቄው አረንጓዴ ጠርሙስ ክፍቱን ተገኝቶ በሚሊሻው እጅ ነው። እሷ ግን ከመደቡ ሥር አንድ ጥቅልል ነጭ ጨርቅ አገኘች። አሸተተችው። አረቄ ነው። ለማንም ሳትናገር ኪሷ ከተተችው።

ከጓሮ ታጠቅ የሚሉት ውሻ ገለባ ላይ ተኝቷል። የፊት ቀኝ እግሩ በጨርቅ ታስሯል፤ አጠገቡ የተጋጋጠ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወድቋል። አበበች ጥቁር ለብሳ ልትነካው ስትል ያጉረመርማል።

«እግሩን ምን ሆኖ ነው?» አለች ሠናይት።

«እሾህ ወግቶት መግል ቋጠረ፣ እትዬ። የሚያጥቡት አባቴ ነበሩ፤ ጉንፋን ይዟቸው እንኳ አልተዉትም። እኔን እንደሚያዩት ነው፤ አያስጠጋኝም።»

«አረቄውን ጠርሙስ ውስጥ የጨመረው ማን ነው?»

«እኔው ነኝ። በቆረቆንዳ ወትፌ ለሞላ ሰጠሁት። ሰጥቷቸው በዚያው ወደ እርሻ ወረደ፤ እስኪመሽም አልተመለሰም። ከደቦ ጋር ነበር።»

«አባትሽን የሚጠላ ሰው ነበር?»

«ምን አውቄ! ብቻ የአጎቴን የዘውዱን ቦቃ በሬ ማን እንደሰረቀው ደርሼበታለሁ፣ ሐሙስ ሽማግሎቹ ፊት እናገራለሁ ብለው ነበር። ሐሙስ ተቀበሩ።»

«ባልሽ የገደላቸው ይመስልሻል?»

አበበች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አያ ይሻው በነጋ በጠባ ‹ከሱ ሌላ ማን አለ?› ይሉኛል። ምን ልበል?»

አያ ይሻው ጎረቤት ነው፤ ከእብናት ገበያ ከብት እያመላለሰ የሚነግድ ጮሌ ሰው። ሠናይት ከድንኳኑ ደጃፍ አገኘችው።

«ረቡዕ እዚህ መጥተው ነበር?»

«ስምንት ሰዓት ግድም አልፌ ነበር። ከአጥር ውጭ ሆኜ ‹እንዴት ዋሉ› ብያቸው ሄድሁ። ቤት አልገባሁም፤ ጠርሙስ የሚባል ነገርም አላየሁም። ምነው፣ ገዳዩ ተይዞ የለም እንዴ?»

«እንዲያው ለወጉ ነው» አለች፤ እግሯ ግን መሬቱን ይመታል።

በስድስት ሰዓት የእንስሳት ጤና ባለሙያው ምሕረትአብ ሞተር ሳይክሉን እያንደቀደቀ ደረሰ። ረቡዕ ውሻውን ያከመው እሱ ነው።

«እኩለ ቀን ላይ መጥቼ መግሉን አወጣሁለት» አለ። «እዚሁ ጓሮ ነው፤ አቶ አስናቀ አፉን ይዘውልኝ። ቁስሉ አረቄ አረቄ ይሸታል! ጠዋት በአረቄ አጥበውት ኖሯል። ተቆጣኋቸው። ያንገበግበዋል፣ ለብ ባለ የጨው ውኃ ይጠቡለት፣ እንዳይልሰውም ይሰሩለት አልኋቸው። ጠዋቱን ሙሉ ሲልሰው ነው የዋለው። ከቀደዱት ጋቢ ተርፎ ስለነበር በሱ አሰርሁለት።»

«እየላሰው ምንም አልሆነም?»

«ምን ይሆናል? ሊነክሰኝ ሲታገል ነበር!»

«የመዥገር መድኃኒት አንተም ዘንድ አለ።»

«አለ። ከብት ያለው ሁሉ ዘንድ አለ፤ እርስዎ ግን እኔን ሳይጠረጥሩ አልቀሩም።»

ሠናይት ሳቀች፤ ከማለዳ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው ስልኳን አውጥታ እብናት ከብት ገበያ ደወለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰዉን ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጠች። ዘውዱ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ደጃፉ ጋ ተቀመጠ። እሷ ብቻ ቆማ ትንጎራደዳለች።

«ሞላ ሊፈታ ነው» አለች።

ድንኳኑ ተንጫጫ። ዘውዱ ብድግ አለ።

«ይስሙኝ፣ አያ ዘውዱ። ጠርሙሱ ከሞላ ቤት የመጣው በቆረቆንዳ ተወትፎ ነው። ቆረቆንዳው ግን ቤት ውስጥ የለም። እንግዲያ ከሞላ በኋላ ሌላ ሰው ከፍቶታል።»

«ምን ቆረቆንዳ!» ይሻው ከመቀመጫው ተነሣ። «ሴትዮዋ ባሏን ልታድን ነው! በነጭ ጨርቅ ተወትፎ ነው የመጣው፤ ማንም አልነካውም። ደግሞስ በረቡዕ ጾም፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማን አረቄ ይከፍታል?»

ሠናይት ቆመች። «አያ ይሻው፣ ከአጥር ውጭ ሆነው ነው ጨርቁን ያዩት?»

ይሻው ወደ ድንኳኑ ደጃፍ አየ፤ ዘውዱ ቆሞበታል።

«እርስዎ ባይናገሩ እኔ ልናገር። አቶ አስናቀ ረቡዕ ማለዳ ጠርሙሱን ከፈቱት። ለራሳቸው አይደለም፤ ጾመኛ ነበሩ። የውሻቸውን ቁስል ሊያጥቡበት ነው። ቆረቆንዳውን ውሻው ጋጠው፤ ከገለባው ላይ አግኝቼዋለሁ። ያን አረቄ እስከ እኩለ ቀን ሲልስ ምንም አልሆነም። መርዙ ከሞላ እጅ የመጣ ቢሆን ከጌታው ቀድሞ ውሻው በሞተ! ስለዚህ መርዙ የገባው ከዚያ በኋላ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ነው። ሞላ ያን ጊዜ ደቦ ላይ ነበር።»

ከኪሷ ነጩን ጨርቅ አወጣች። ምሕረትአብ ከውሻው እግር ላይ የፈታውን አቀበላት። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋችና የተቀደደውን ጠርዝ ከጠርዝ አጋጠመች። ልክክ አለ።

«ቆረቆንዳው ሲበላባቸው በዚሁ ጋቢ ወተፉት። ጠርሙሱ በጨርቅ የተወተፈው ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ አቶ አስናቀ ከምሕረትአብ ጋር ጓሮ ነበሩ፤ ምሕረትአብ ቤት አልገባሁም ቢል ማመን አይጠበቅብኝም። ነገር ግን ጠርሙሱ በነጭ ጨርቅ ተወትፎ ነበር ያለው እሱ አይደለም፤ እርስዎ ነዎት። ስምንት ሰዓት ላይ እሳቸው ጓሮ ውሻቸውን ሲያስታምሙ ገብተው መርዙን ጨመሩ። ጾም ነውና ማንም አልከፈተውም፣ ጨርቁ የሞላ ነው ብለው ደመደሙ። ሽማግሌው ጉንፋን አፍንጫቸውን ደፍኖት ነበር፤ አንዴ ጨለጡት። ቦቃውን በሬ እብናት የሸጡትም እርስዎ ነዎት፤ ገዥው በስልክ ነግሮኛል።»

«እግራቸው ላይ ወድቄ ነበር» አለ ይሻው ቁልቁል እያየ። «አያዋርዱኝ፣ በሬውን እመልሳለሁ አልኋቸው። እምቢ አሉ።»

የጠመንጃው ቃታ ተሰማ። ሠናይት ሮጣ ከአፈሙዙ ፊት ቆመች።

«አያ ዘውዱ! መንገድ ላይ ጠብቀው ሞላን ተኩሰው ቢሆን ኖሮ የማንን ደም ያፈስሱ ነበር? አንዴ ተሳስተዋል። አሁን ለሕግ ይተዉልኝ።»

«ለአንድ በሬ!» አለ ዘውዱ። «በሬውን ይውሰደው ነበር እኮ! ወንድሜን...» ጠመንጃውን ለቀቀላትና መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሞላ ተፈትቶ መጣ። አበበች ከበሩ ወጥታ ተቀበለችው፤ ግን ልታቅፈው እጇ አልታዘዛትም።

«አንቺም አምነሽ ነበር?» አላት።

መዋሸት ትችል ነበር። «አምኜ ነበር» አለችው።

«በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንቺ የመጣሽ እየመሰለኝ እነሣ ነበር።»

ሞላ ጥቂት ቆሞ አያት።

«አባትሽን ገና አላለቀስሁላቸውም» አለና ቀድሟት ወደ ድንኳኑ ገባ።