የጅረቱ ተራ

የሶማሊያ ጅረት ተራው ወደ ምሥራቅ በሚዞርበት ጠዋት፣ ገደብ ጣቢያ ላይ ቁርስ የሚበላው ቆሞ ነው። ጅረት ሲባል የጓሮ ምንጭ እንዳይመስላችሁ፤ ባሕር ውስጥ የሚሄድ፣ ስንት ዓባይ የሚያክል ወንዝ ነው። በክረምት ነፋሱ ወደ ሰሜን ይነዳዋል፤ በበጋ ደግሞ ዞሮ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የሞቀ ውሃ ይዞ ወዳዘነበለበት ደመናው ይከተለዋል ተብሎ፣ የሁለቱ ዳርቻ አገሮች ተስማምተው ይህችን ተንሳፋፊ ጣቢያ ከላዩ አኖሩ። ከሥሯ ግራና ቀኝ ሁለት ሸራ አለ። ሸራ ይበሉት እንጂ ከብረት ክር የተሠራ፣ አንድ ከተማ የሚያለብስ መጋረጃ ነው። የምዕራቡ ሲዘረጋ ዝናቡ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ነው፤ የምሥራቁ ሲዘረጋ የሕንድ። በተራ በተራ።

ተራውን የምታዞረው ባንቺወሰን ናት። የሥራ መደቧ ረጅም ስም አለው፣ ማንም አይጠራውም። እንደ ገጠሩ የመስኖ ዳኛ "የውሃ አባት" ነው የሚሏት። ሴት ሆና አባት መባሏ የጣቢያው ቀልድ ነበር፤ እሷ ግን ደስ ይላታል። ራያ ቆቦ ውስጥ አባቷ እውነተኛው የውሃ አባት ነበሩ። ውሃ ሲያከፋፍሉ ዓይናቸው እንዳያዳላ ለራሳቸው ማሳ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆሙ ነበር። እሷም የሸራዎቹን ማንሻ ስትስብ ለምዕራቡ መስኮት ጀርባዋን ትሰጣለች፣ ዘንድሮ በተለይ። ቆቦ ክረምቱ ገብቶ ጠብ ያለ ነገር የለም። እናቷ ከብቶቿ አንድ በአንድ እያለቁባት ነው።

ጀርባዋን ሰጥታ ማንሻውን ሳበች። ምንም የለም። ደግማ ሳበች። የምዕራቡ ሸራ መታጠፍ ነበረበት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የግድግዳው ድምፅ ማጉያ ተንጫጫና የታናሽ ወንድሟ የዳምጤ ድምፅ መጣ።

"እትዬ፣ በከንቱ አትድከሚ። ሽቦውን በይጄዋለሁ። ቆቦ ሳይዘንብ ተራ የሚባል ነገር የለም።"

ዳምጤ የጣቢያው ጠላቂ ነው፤ ሥራውን ያስገኘችለትም እሷው ነበረች። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የሞተር ክፍሉን ከውስጥ ዘግቶ፣ ባሕር ሥር ብረት ከብረት የሚመቱበትን የችንካር ጠመንጃ ታቅፎ ተቀምጧል። አይ ዳምጤ!

ሰው በውሃ ሲጣላ አይቶ የማያውቅ ነው ሠለጠንን እያለ የሚያወራው። ወሬው ጣቢያውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ምሥራቆቹ፣ ሕንዶቹን እንዲህ ነው የሚጠሯቸው፣ የብረት ዱላና የቧንቧ መፍቻ እያነሱ ከየክፍላቸው ወጡ። ምዕራቦቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። ለዓመታት ካርታ ሲጫወቱ ያመሹ፣ ልጅ ሲወለድላቸው እንኳን ማርያም ማረቻት ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ተበላሉ። የወጥ ቤቱ ሰውዬ የአንዱን ጆሮ በጥርሱ ዘነጠለው። መንጋጋው የተሰበረ፣ ከሕንዶቹ አንድ የኬረላ ሰው ወለሉ ላይ ተዘርሮ፣ ደሙን እየዋጠ፣ ያገኘውን እግር ሁሉ በመፍቻ ይቀጠቅጥ ነበር። ባንቺወሰን መሃል ገብታ ብትጮህ ማን ሰምቷት። አንዱ ብረት ክንዷ ላይ አረፈና እስከ ጣቷ ድረስ በደም ታጠበች።

ጠቡን ያበረደው ማዳቫን ነው። ማዳቫን ከሕንድ ወገን የልኬት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሽማግሌ፣ አማርኛ ሲናገር ጎንደር ያደገ የሚመስል። እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ በመሃላቸው አለፈና የሞተር ክፍሉን በር በጣቱ አንኳኳ። ባዶ እጁን መሆኑን ተናገረ፣ ዳምጤን በስሙ ጠርቶ እስኪ እንነጋገር አለው። በሩ ገርበብ አለ። ማን እንደፈራ፣ ማን እንደቸኮለ አይታወቅም፤ ብቻ ጠመንጃው ጮኸና ጣት የሚያክል ችንካር ሽማግሌው ሆድ ውስጥ ገባ። በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ ምሥራቆቹ አልጮሁም። ባንቺወሰንን ያስፈራት ይሄ ነው። አንደኛው የብረት መቁረጫ እሳት ሊያመጣ ሄደ። በሩን ቆርጠው ሲገቡ አራቱንም በቁማቸው ለሻርክ እንደሚሰጧቸው ነገሯት፤ እንደ ሥራ ፕሮግራም፣ በትሕትና ነው የነገሯት።

ማዳቫንን እየጎተተች ልኬት ክፍል አስገባችው። ጅረቱ በዚህ ሁሉ መዘግየት ምን ያህል እንደተዛባ ማወቅ ነበረባት። እሱ ደግሞ በየባሕሩ ርቀው የተበተኑትን መለኪያዎች ከራሱ በቀር ለማንም አሳይቶ አያውቅም። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቃ የመለኪያዎቹን ሰሌዳ ከፈተች።

ጣቢያው አጠገብ ውሃው እንደ ልማዱ ወደ ምዕራብ ዞሯል። ትንሽ ራቅ ሲል ግን መስመሩ ተመልሶ የጥንት መንገዱን ይዟል። ያለፈውን ተራ አየች። ያምናንም አየች። ሸራው ተዘረጋ፣ ታጠፈ፣ ምሥራቅ ሆነ፣ ምዕራብ ሆነ፣ ጅረቱ ነፋሱ በነዳው ነው የሄደው።

"መቼ ነው የተበላሸው?" አለችው።

"አልተበላሸም። ደህና ሲሠራም እንዲህ ነው።" ደም ተፋ። "ሸራው ደጃፉ ያለውን ውሃ ያዞራል። ከዚያ ወዲያ ውሃው መንገዱን ያውቃል።"

ታዲያ በተራችን ሲዘንብልን የኖረውስ ብትለው፣ እያቃሰተ አስረዳት። በተራቸው ሲዘንብ ሸራው ነው ይላሉ፤ ሳይዘንብ ሲቀር ሌባ አለ ይላሉ፤ ሌላ ነገር የጠየቀ የለም። የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች ገና ከጠዋቱ አውቀውታል። ግን ያኔ የሁለቱ ዳርቻ የጦር መርከቦች ደመናዬን ሰረቅህ ተባብለው እዚሁ ባሕር ላይ አፈሙዝ ለአፈሙዝ ተፋጠው ነበር። ተራ ተይዞላችኋል ሲባሉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

"ጅረቱን አይደለም የያዝነው፤ ሰዉን ነው" አለ ማዳቫን። "ተራው እንደሚደርሰው ያመነ ሰው አይገድልም።" ሆዱን ተመለከተና ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ አለፈ። "ብዙውን ጊዜ።"

ቁልፉን የያዘውን እጇን ጭብጥ አድርጎ ሞተ።

ባንቺወሰን አለቀሰች። ለማዳቫን አለቀሰች፣ ለእናቷ ከብቶች አለቀሰች፣ ለዚያ ለጅል ወንድሟም አለቀሰች። ከዚያ ንዴቱ መጣ፤ የምትመታው ሰው ግን አልነበረም። ከመተላለፊያው ብረት የሚቆርጠው እሳት ሲንጣጣ ይሰማታል። እውነቱን ብትናገር መጀመሪያ አያምኗትም፤ ካመኗት ደግሞ መርከቦቹ ነገ ይመለሳሉ። ድምፅ ማጉያውን ከፈተች።

"ዳምጤ፣ ቆቦ ዘነበ። እማዬ አሁን ደወለች። ደጅ ቆማ እየበሰበሰች ነው።"

በሕይወቷ ዋሽታው አታውቅም።

"በአባዬ አጥንት?"

"በአባዬ አጥንት።"

በሩ ተከፈተ። ዳምጤ ጠመንጃውን ጥሎ እየሳቀ ነበር የወጣው። ምሥራቆቹ ተረባረቡበት። ባንቺወሰን ሮጣ ላዩ ላይ ወደቀችና ተራው የእናንተ ነው፣ ውሰዱት፣ ልጁን ግን ለፍርድ ተዉት እያለች ለመነቻቸው። እስኪሰሟት ድረስ ክንዱም ተሰብሮ፣ አንድ ዓይኑም ፈስሶ ነበር። አራቱም ታስረው ወደ ፍርድ ቤት በሚወስዳቸው መርከብ ሲጫኑ ዳምጤ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

"እትዬ፣ ብዙ ዘነበ?"

"ብዙ" አለችው።

ብየዳው ተቆረጠ። የምሥራቁ ሸራ ሲዘረጋ፣ ደማቸው ያልደረቀ ሰዎች አጨበጨቡ።

በሳምንቱ ቆቦ ዘነበ። የእውነት ዘነበ፣ ያውም በምሥራቅ ተራ። እናቷ ደውላ እልል አለች። የቆቦ ሰው በሬ አርዷል፤ ዳምጤ የባሕሩን አንገት አንቆ ዝናቡን አስለቀቀው ተብሎ ተዘፍኖለታል። ወጣቶቹ ሁሉ ጠላቂ ካልሆንን እያሉ መሆኑንም በኩራት ነገረቻት። ስልኩን ሳትዘጋ ምሥራቆቹ በሯ ላይ ቆሙ። በእኛ ተራ ምዕራብ ዘንቧል፣ ሌባው ማነው አሏት። የአንዳንዶቹ መፍቻ ዛሬም እጃቸው ላይ ነበር።

የማዳቫን ቁልፍ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዝም ካለች ነገ ሌላ ዳምጤ ይመጣል፤ ከተናገረች መርከቦቹ ይመጣሉ። እናቷ በስልኩ ውስጥ ገና እየዘፈነች ነው።

"ሌባውን እፈልገዋለሁ" አለቻቸው።

ተራው ሲደርስ ሁለቱም ወገን መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ማንም ማንንም ሰላም አላለም። ወደየት ዞራ ብትቆም ለባሕሩ ግድ የለውም። ሰዎቹ ግን እያዩ ነበር፤ ጀርባዋን ለቆቦ ሰጥታ ማንሻውን ሳበች።