የማይበላሽ ጣት

ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ጠረጴዛ ሥር ተደብቃ የሰማችው ወሬ ነው። እናቷና ነርስ የሆነችው አክስቷ ያወሩ ነበር።

«ጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ ደህና ነው ይላል፤ የልጁ ከንፈር ግን ጠቁሯል።»

«ምን ላይ ሞክረውት ነው ታዲያ?»

መልሱን አታስታውሰውም። ጥያቄው ግን ከጆሮዋ አልወጣም።

አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። የሳይንስ ፕሮጀክቷም ከዚያው ጥያቄ የመጣ ነው፦ ብርሃንን ልክ እንደ ሰው ጣት የሚያሳልፍ፣ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚፈተሹበት ሰው ሠራሽ ጣት። ከቡድን ጓደኛዋ ጋር ከጄላቲን፣ ከወተትና ከጠብታ ቀለም ሠሩት። ለሠላሳ ቀን ሳይለወጥ መቆየት አለበት። በየጠዋቱ በብርሃን መለኪያ እየለካ ግራፍ ላይ የሚመዘግበው ይኸው ጓደኛዋ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ «ቶሎቶሎ» ይለዋል።

ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ጣቱን አገላብጣ አየችው። ከተፈሰሰበት ቅርጽ ሲወጣ በጥፍሯ የጫረችው ምልክት የለም።

«ይሄ የኛ አይደለም።»

«የኛ ነው ባክሽ።»

«ጭረቱስ?»

ቶሎቶሎ አንገቱን አከከ። «ያኛው በአሥራ አንደኛው ቀን ሻገተ። አዲስ ሠራሁ። እሱም ሻገተ። ይሄ ሦስተኛው ነው። ምን ታካብጃለሽ፣ ግራፉ እኮ ቀጥ ብሏል።»

«ጣት እየቀያየርክ ለምን አይቀናም!» በርጩማው ላይ ዘጭ አለች። «በሲሊኮን እንሥራው፣ አይሻግትም ስልህ፣ እስኪደርቅ አንድ ቀን ይፈጃል ብለህ እምቢ አልክ። ይኸው ወሩን ሙሉ ጄላቲን ስታሞቅ ከረምክ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

«አትሳቅ።»

«ቲቸር በምን ያውቃል?»

«ምን ላይ ሞክራችሁት ነው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ምን ልበለው? በዚህ ተፈትሾ ደህና ነው የተባለ መሣሪያ የታመመ ልጅ ጣት ላይ ቢደረግስ?»

 ቶሎቶሎ ከቦርሳው አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣ። ውስጡ የመጀመሪያው ጣት አለ፤ ተጨማዶ፣ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሎ። ጭረቱ አሁንም ይታያል።

«ልጥለው አሳዘነኝ።»

አፍንጫዋን ያዘች። «ከምሳህ ጋር ነው ይዘኸው የምትዞረው?»

«ክዳን አለው እኮ።»

«ነገ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ግራፉም አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ያበቃል። ከዚያ በሲሊኮን እንጀምራለን፤ በወተቱ ፈንታ የምንጨምረው ነጭ ዱቄት እንዳይዘቅጥ አንተ ቀስ ብለህ ታማስላለህ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አርባ።»

በረጅሙ ተነፈሰ። ግራፉን ከግድግዳው ላይ አወረደና ላጲስ ፈለገ።

«እሺ፣ አማስላለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ለቲቸርም እኔው እነግረዋለሁ።»