ሳይታጠቡ የተቀበሩት

ጋሼ መዝገብ ከመደርደሪያው መሰላል ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰንጥቋል። «መዝገብ» ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አልነበረም፤ አርባ ዓመት የከተማውን የቆየ ወረቀት ሲጠብቁ ስለኖሩ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላቸው ነበር።

ያየ ሁሉ «ወደቁ» አለ። መርማሪው ግን ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በሱሪያቸው ሥር ቀኝ ጉልበታቸው ላይ የታሰረውን ወፍራም ፋሻ ዳሰሰ።

«በዚህ ጉልበት መሰላል ይወጡ ነበር?»

«ኧረ በየት በኩል!» አለ የመዝገብ ቤቱ ጠራዥ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። «የደጁን ደረጃ እንኳ በመከራ ነው የሚወጡት። ከላይ የሚፈልጉት ሲኖር ‹አንተ ዝንጀሮ፣ ውጣልኝ› ይሉኝ ነበር እኮ።»

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል። እሱም «ወንፊት እኮ እንክርዳዱን ይይዛል እንጂ ዱቄቱ ያመልጠዋል» እያለ ይቀልዳል።

ግቢው ውስጥ ድንጋይ ጠራቢው መሮውን አስቀምጦ ቆሞ ነበር። ነገ የሚመረቀው የመታሰቢያ ድንጋይ አልቋል፤ የቀረው ቁጥር ብቻ ነው። ከሰማንያ ዓመት በፊት የከተማው የአይሁዳውያን ሰፈር በአንድ ቀን ተዘርፎ ተቃጥሏል። ስንት ሰው እንደሞተ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። የያኔው ፖሊስ አዛዥ ዘገባ «ሦስት ሰዎች፣ ራሳቸው ባስነሡት እሳት» ይላል። ጋሼ መዝገብ ደግሞ የአይሁዳውያኑን የቀብር ማኅበር ደብተር ይዘው ነበር። ዛሬ ከሰዓት ለኮሚቴው ሊያሳዩት ነበር። አሁን ደብተሩ የለም።

ከጠዋት ጀምሮ ከጋሼ ሌላ ወደ ሕንፃው የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ጠራዡ፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊና ስለዚያ ቀን መጽሐፍ የጻፉት የታሪክ ዶክተር።

ኃላፊዋ በምሳ ሰዓት ስልክ ላይ ነበረች። «የኮሚቴው ሊቀ መንበር ‹ቁጥሩን ዛሬ ካልነገርሽን› ብሎ ወጥሮ ይዞኝ ነበር። ምሳዬ እንደታሰረ ነው፤ እየው» አለች። ሊቀ መንበሩም ሲደወልለት ይህንኑ አረጋገጠ።

ዶክተሩ ከረባታቸውን እያስተካከሉ ገቡ።

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ስመለስ ነው ጩኸቱን የሰማሁት። ምስኪን ሽማግሌ! ለዚያ የውሸት ደብተር ሲሉ ሲደክሙ ሞቱ።»

«የውሸት ነው?»

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት እኮ ነው። አይሁዳውያን ሬሳ ሳያጥቡ አይቀብሩም። ደብተሩ ግን ከአርባ አንዱም ስም ጎን ‹ሳይታጠብ› ይላል። የጻፈው ሰው ወጋቸውን አያውቅም ማለት ነው። የእኔ መጽሐፍ ሦስት ምስክር አለው፤ የፖሊሱ ዘገባ፣ የጊዜው ጋዜጣ፣ የከንቲባው ደብዳቤ። ሁሉም ሦስት ሰው ይላሉ።»

«ደብተሩን መቼ አነበቡት?»

«አምና። ከዳር እስከ ዳር።»

ወንፊት ይህን ጽፎ ወደ ጠራዡ ክፍል ሄደ። ክፍሉ ሙጫና እርጥብ ወረቀት ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ቅጠሎች የሚጫኑበት፣ የእንጨት እጀታ ያለው ከባድ ብረት ነበር፤ ወንፊት እጀታውን ዳሰሰው።

«ደብተሩን አንተም አይተኸዋል?»

«አየሁት? አሸሁት እንጂ! ርጥበት በልቶት የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች፣ ጋሼ ‹የዚያ ቀን ሟቾች ያሉት እዚህ ነው› የሚሏቸው፣ እንደ ሰሌዳ ተጣብቀው ነበር። ዛሬ ጠዋት በእንፋሎት አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። ስድስት ሰዓት ላይ ለጋሼ አስረክቤ ምሳ ወጣሁ።»

«ምን ይላል?»

«እኔ ወረቀቱን እንጂ ፊደሉን የት አያለሁ ወንድሜ? ሐኪም የታማሚውን ደብዳቤ ያነባል እንዴ? እሳቸው ግን ቆመው እያነበቡ አለቀሱ።»

ወንፊት ወደ ምድር ቤት ወርዶ የማሞቂያውን ምድጃ አመድ በእንጨት ጫረ። የደብተር ሽፋን የሚዘጋ ትንሽ የነሐስ መቆለፊያ አገኘ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በንባብ ክፍሉ ሰበሰባቸው። የኮሚቴው ቀጠሮ ስለነበራቸው ሁሉም «እማማ» የሚላቸው አሮጊትም መጡ። ከዚያ ቀን የተረፉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ደብተሩን የጻፉት አባታቸው ነበሩ።

«እማማ፣ አይሁዳውያን ሬሳ ሳያጥቡ ይቀብራሉ?»

«አይቀብሩም።»

ዶክተሩ ፈገግ አሉ።

«የተገደለ ሰው ካልሆነ» አሉ እማማ። «ደሙ የፈሰሰ ሰው አይታጠብም። ደሙም የእሱ ነው፤ ከነልብሱ ነው የሚቀበር። አባቴ ‹ሳይታጠብ› ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው።»

የዶክተሩ ፈገግታ ከፊታቸው ላይ ሸሸ።

«እንግዲህ» አለ ወንፊት፣ «ጋሼ ከመሰላል አልወደቁም፤ ጉልበታቸው አያወጣቸውም። በጠራዡ መጫኛ ብረት ተመተው ወደ መሰላሉ ሥር ተጎተቱ። ብረቱ ታጥቦ ነው የተገኘው፤ እጀታው ገና እርጥብ ነው። ደብተሩ ምድጃ ውስጥ ተቃጠለ፤ መቆለፊያው ይኸው። ማን? ዶክተር፣ አምና አነበብኩ አሉኝ። አምና የሟቾቹ ስም ያለባቸው ቅጠሎች ተጣብቀው ነበር። የተከፈቱት ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። ‹ሳይታጠብ› የሚለውን ያነበበ ሰው በምሳ ሰዓት ከጋሼ ጋር የነበረ ሰው ነው።»

ወንፊት የዶክተሩን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሦስቱን ምስክሮችዎንም አየኋቸው። ጋዜጣውም ደብዳቤውም ‹እንደ ፖሊስ አዛዡ ዘገባ› ብለው ነው የሚጀምሩት። ሦስት ምስክር ሳይሆን አንድ አፍ ነው። አዛዡ ደግሞ ፖሊሶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ስላዩ አንገቱን ለማዳን ነው የጻፈው። የእማማ አባት ለማን ይዋሻሉ? ማን ተቀበረ፣ ማን ቀረ ለማለት ብቻ ነው የጻፉት።»

ዶክተሩ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «ጋሼ ደስ ብሏቸው ነው የጠሩኝ» አሉ። «‹ዶክተር፣ አብረን እናርመው› አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ሦስት ብዬ አስተማርኩ… ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

ፖሊሶች ይዘዋቸው ወጡ። እማማ ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

«እሱስ ሄደ» አሉ። « ድንጋዩ ላይ ስንት ይጻፋል?»

ኃላፊዋ ለኮሚቴው ደውላ፣ አዳምጣ፣ ስልኩን ቀስ ብላ ዘጋች። «ያለ ዋናው ሰነድ አይሆንም አሉ። በእጅ ያለው ዘገባው ነው። ሦስት።»

«ሰው የተገደለበት ደብተር እንዴት ሐሰት ይሆናል?» ወንፊት ጮኸ።

«እኔስ መች ጠፋኝ ወንድሜ? ‹የመርማሪ ግምት ሰነድ አይደለም› አሉኝ። ምን ላድርግ?» እንባዋ ዱብ አለ።

እማማ የወንፊትን እጅጌ ሳብ አደረጉ። «አንተ ጻፍልኝ ልጄ። አባቴ ሲጽፍ የቀለሙን ብልቃጥ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ።»

ጠራዡ ንጹሕ ወረቀት አመጣ።

«ዳቦ ጋጋሪው። ሚስቱ። ሰዓት ሠሪው። የሰዓት ሠሪው ሁለት ሴቶች ልጆች…»

«ስማቸውስ እማማ?»

«ስድስት ዓመቴ ነበር እኮ። ትልቅ ሰው በስሙ ይጠራል እንዴ? በሥራቸው ነው የማውቃቸው።»

ወንፊት ጻፈ። ልብስ ሰፊው። አዋላጇ። ዐሥራ ስምንተኛው ላይ ደረሱ፤ «አንድ አንካሳ ሰውዬ፣ ከረሜላ የሚሰጠኝ።» ከዚያ ወዲያ ያለው አልመጣላቸውም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቃል ግን አይወጣም።

«አባቴ አንብቦልኝ ነበር» አሉ። «ሁሉንም አንብቦልኝ ነበር።»

ወንፊት «19» ብሎ ጻፈና ብዕሩን እንደያዘ ጠበቀ። ኃላፊዋ ወደ ግቢው ወረደች። ጥቂት ቆይቶ መሮው ድንጋዩን መምታት ጀመረ። አንድ አኃዝ ብቻ ስለሆነ ቶሎ አለቀ።