ስኳሩ የት ገባ?

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉማ! የትርንጎንና የአያቷን የአባባ ሽብሩን ነገር ላጫውታችሁ።

አባባ ሽብሩ ድሮ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። የሸንኮራውን ጭማቂ እያፈሉ፣ እያፈሉ፣ ነጭ ስኳር ያደርጉት ነበር።

አሁን ግን ሐኪሙ፣ «ደምዎ ውስጥ ስኳር በዝቷል። ስኳር ይቅርብዎት!» ብሏቸዋል።

ስለዚህ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ሻያቸውን ያለ ስኳር ይጠጣሉ። ፊታቸው ኩምትር ይላል።

«ኤዲያ! አይ የድሮ ጊዜ!»

«ድሮ ምን ነበር አባባ?» ትላለች ትርንጎ።

«ድሮማ እኔና ይገዙ የሚባለው ወንድሜ አንድ ሸንኮራ ለሁለት እንበላ ነበር። እሱ ከዚያ ጫፍ፣ እኔ ከዚህ ጫፍ፤ ገመጥ! ገመጥ! መሐል ላይ ስንገናኝ ግንባራችን ይጋጫል፤ ጓ!»

አባባ ከት ብለው ይስቃሉ። ከዚያ መራራውን ሻይ ሲቀምሱ ፊታቸው እንደገና ኩምትር ይላል።

ትርንጎ ሆዷ ባባ። «አባባን እንደ ድሮው ደስ እንዲላቸው አደርጋለሁ!» አለች።

አንድ ቀን አባባ ዘወር ሲሉላት፣ ሻያቸው ውስጥ ስኳር ጨመረች። አንድ! ሁለት! ሦስት ማንኪያ!

ቅጭል! ቅጭል! ቅጭል! አማሰለችው።

ብርጭቆውን አየች። ስኳር የለም! «እሰይ! ስኳሩ ጠፋ፤ ጣፋጭነቱ ብቻ ቀረ!»

አባባ አንዴ ፉት አሉ። ዓይናቸው በራ። ወዲያው ግን ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ትርንጎ! ምን ጨመርሽበት?»

«ስኳር… ግን ጠፍቷል እኮ አባባ! ይዩት!»

«አልጠፋም የኔ ልጅ። ትኩሱ ሻይ አሟሟው፤ በጣም በጣም ትንንሽ አድርጎ በታተነው። አይታይም እንጂ፣ አለ!»

አባባ ከሻዩ ሳህን ላይ ጠብ አደረጉና ፀሐይ ላይ አስቀመጡት።

በማግስቱ ውሃው ደርቋል። ትርንጎ በጣቷ ነካችው፤ ተጣበቀባት! ላሰችው፤ ይጣፍጣል!

«እውነትም አለ!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አባባ፣ ሊታመሙብኝ ነው?»

«አይዞሽ! አንድ ጉንጭ ነው የቀመስኩት። ሁልጊዜ ብጠጣው ግን ዓይኔንም እግሬንም ይጎዳኛል። ያንቺንም ጥርስ ይበላዋል።»

ትርንጎ ጥርሶቿን በምላሷ ቆጠረች። ሁሉም አሉ!

«ሁለተኛ ተደብቀሽ አትጨምሪም፤ እሺ?»

«እሺ አባባ!»

የመኝታ ሰዓት ደረሰ። አባባ ብርድ ልብሷን አለበሷት።

«አባባ፣ ወንድምዎ አሁን የት ናቸው?»

አባባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ይገዙማ ሞቷል፣ የኔ ልጅ። በጣም ይናፍቀኛል።»

ትርንጎ ትንሿን እጇን አባባ ደረት ላይ አደረገች።

«አይታዩም እንጂ፣ አሉ» አለቻቸው።

አባባ ፈገግ አሉ። ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን ከግንባሯ ጋር ቀስ አድርገው አጋጩት።

ጓ!