ለጎጆ አቀበት የተመረጠው ካርቡሬተር

ቢሊሴ ሚልኬሳን የወደደችው አምቦ ጋራዡ ውስጥ ጆሮውን ወደ ሞተር ጥሎ ዝም ሲል ነው። ሌላው መካኒክ ሁሉ ያወራል፤ እሱ ያዳምጣል። እሷ የምትነዳው የአባቷ የኦቦ ዲንሳ አሮጌ የቤንዚን ጭነት መኪና፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ አልቆ ነበር።

አዲስ ርካሽ ካርቡሬተር ነበር፤ ጊንጪ ላይ ከተፈታ መኪና የወጣ አሮጌም ነበር። የውስጥ ዕቃው ስለሚለወጥ አሮጌውን አብረው መረጡ። መኪናው ድንች የሚጭንባት የጎጆ ከተማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ይታፈናል። ስለዚህ ሚልኬሳ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ ናስ አውጥቶ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለችውን ተካ። ከሰፊዋ እንዳትምታታ ቢሊሴ በሞረድ ጫር አደረገቻት። ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሁለቱም ደንግጠው ካቻቢቴ መፈለግ ጀመሩ፤ ካቻቢቴው እጁ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከጎጆ ድንች ጭና ስትመለስ ጋራዡ ደጃፍ ሳትቆም አታልፍም። ስለ መጋባት ተነጋገሩ። መንዳቷ ብቻ አልጣመውም። ስንጋባ ትተዪዋለሽ ሲላት ስቃ ታልፈዋለች። ሳቋ እሺታ እንዳልሆነ ግን ገብቶታል።

ኦቦ ዲንሳ ጉልበታቸው ታሞ መሪውን ለልጃቸው ሲለቁ፣ መኪናው አቀበት ላይ አንዴ ከቆመ እሸጠዋለሁ ብለው ነበር። ይህን ሚልኬሳም ያውቃል።

አንድ ጠዋት፣ ሚልኬሳ ሚኒሞውን፣ ሞተሩ መኪናው ቆሞ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ አስተካክሎ በሰጣት ማግስት፣ መኪናው አቀበቱ መሀል ጥቁር ጭስ ተፍቶ ቆመ። ቢሊሴ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጋ ካርቡሬተሩን ፈታች። ውስጡ ያለችው ናስ ጭረት የላትም። ሰፊዋ ነች።

ያን ካርቡሬተር ከእሱ በቀር የነካው የለም። ቢሆንም የምትጠረጥረው ሌላ ሰው ፈለገች፤ አላገኘችም። ካርቡሬተሩን መልሳ ገጥማ መኪናውን ወደ ኋላ እያንሸራተተች አዙራ ቁልቁል ለቀቀችው፤ ሞተሩ እያሳለ ተነሳ።

ጋራዡ ስትደርስ ሰላም አላለችውም።

«የኔዋ የት አለች?»

ሚልኬሳ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። አልካደም።

«ጃለሌ ኮ፣ ፍቅሬ፣ ያ መንገድ አንድ ቀን አንቺን ይበላል ብዬ ነው። መኪናው ቢሸጥ ትቀሪያለሽ አልኩ። ጠልቼሽ መሰለሽ?»

«ብትጠላኝ ይሻለኝ ነበር። የሚጠላኝን እጠነቀቃለሁ። አሁን ፍሬኑንስ እንዴት ልመን?»

እሱ እንደ ልማዱ ጆሮውን ወደሚያስለው ሞተር ጣለ። ያ ማዳመጡ ድሮ ደስ ይላት ነበር።

ናሷን እዚያው ደጃፉ ላይ ራሷ መለሰች። ካቻቢቴ ሲዘረጋላት የራሷን ከኪሷ አወጣች። እንባዋ ሞተሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ አልጠረገችውም።

ማታ ቁልፉን አስረክባ ለአባቷ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ኦቦ ዲንሳ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም ብለው ቁልፉን መለሱላት።

በማግስቱ መኪናው የጎጆን አቀበት አንድም ሳል ሳይስል ወጣው። ጭሱም የለም። ቢሊሴ አናቱ ላይ ስትደርስ ደስታው አላስችል ብሏት መኪናውን አቁማ ስልኳን አወጣች።

ልትደውል የፈለገችው ለሚልኬሳ ነበር።