እጅ የሚጠይቀው ጎራዴ

ጎራዴው የተጠቀለለው ሰሌን ወገብ ላይ ደርሶ ቆመ። አባባ ሶኪቺ ሳብ አደረጉት፤ አልመጣም። በሁለት እጃቸው ወዘወዙት። ሰሌኑ የተሰካበት ችካል አብሮ ተወዛወዘ እንጂ ስለቱ ንቅንቅ አላለም።

«ተሰንቅሯል» አለች የልጅ ልጃቸው ቺዙሩ ቀስ ብላ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጻፈችው። ዘጠነኛው መሰንቀር ነበር።

«በቃ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው» አለች ጓደኛዋ ሂናኮ ከዛፉ ጥላ ሥር። «አቦ ጨረስን!»

ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ ሙቀቱ አናት ይበሳል። በጎራዴ ሥራ የታወቀችው የጃፓን ከተማ፣ የሴኪ ነሐሴ እንዲህ ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎም ይደክመዋል። ሁለቱ ልጆች ከንጋት ጀምሮ ቆመው ስለቆዩ እግራቸው የራሳቸው አልመስል ብሏቸዋል። ነገ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ የዕረፍቱ የምርምር ሥራም ነገውኑ ይሰበሰባል። አንደኛ የወጣ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ያልፋል። ዘጠነኛ ክፍል ስለሆኑ ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የላቸውም። የመረጡት ጥያቄ ደግሞ የከተማው ሰው ሁሉ መልሱን አውቃለሁ የሚለው ነው፤ የጎራዴ መጉበጥ ለመቁረጥ ምን ይጠቅማል?

ሁለት ጎራዴ ነበራቸው። ከጫፍ እስከ መያዣው ሥር ክር ወጥረው ሲለኩ፣ የመጀመሪያው ጀርባ ከክሩ ሁለት ሳንቲም ተኩል ይርቃል። የሁለተኛው ግማሽ ሳንቲም እንኳ አይሞላም፤ ቀጥ ያለ ነው ቢባል ይቀላል። እያንዳንዱ በአሥራ አምስት ሰሌን ላይ ተሞከረ። በጎባጣው የተሰነቀረው አንድ ብቻ ነው። በቀጥታው ዘጠኝ።

«ዘጠኝ ለአንድ!» አለች ሂናኮ። «መምህሩ ሲያየው ክው ነው የሚለው። አባባ፣ ምክንያቱን ይንገሩንና እንጻፈው፤ ለምንድን ነው ግን?»

አባባ ሶኪቺ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የጎራዴውን እርጥበት በወረቀት ይጠርጋሉ። ቤት ቢቃጠል እንኳ እርጥብ ስለት ሳይጠርጉና ዘይት ሳይቀቡ የሚነሡ ሰው አይደሉም። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ ውስጥ አርባውን በጎራዴ መቁረጥ ሲያስተምሩ ኖረዋል።

«ቲማቲም ከትፈሽ ታውቂያለሽ፣ ልጄ? ቢላዋውን ብትጫኚው ይፈርጣል። ሳብ ስታደርጊው ነው የሚቆርጥልሽ። ጎባጣው ሲያርፍ ራሱ ይንሸራተታል፣ ግማሹን ሥራ ይሠራልሻል። ቀጥ ያለው ግን አያዝንልሽም። መሳቡን እጅሽ ካላወቀበት፣ ዛሬ እንዳየሽው ቁጭ ይላል።»

ቀኝ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«የኔ እጅ ያውቅበት ነበር» አሉ። «እንግዲህ ከድቶኛል። ይህን ዘይት ልቀባና ለረዳቴ ለሙራሴ እደውላለሁ፤ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ተማሪዎቹን እሱ ይያዛቸው። ገመናዬን በሰው ፊት ሳላወጣ በጊዜ ልተው።»

 ቺዙሩ መጥረጊያ አነሣች።

የጎባጣው ቁርጥራጮች በአንድ በኩል ተከምረዋል፤ የቀጥታው በሌላ በኩል። የመጀመሪያውን ክምር ስታነሣ ውሃው በክንዷ ወረደ። ሁለተኛውን ስታነሣ ግን ኮሽ አለ። አንዱን ቁራጭ ፈትታ አየችው። ላዩ እርጥብ ነው፤ ልቡ ደርቆ ነጥቷል። ሰሌን ሙሉ ቀንና ሌሊት ውሃ ካልጠጣ ገመድ ነው፣ ይህን በሴኪ የማያውቅ የለም። አሥራ አምስቱን ቺዙሩ ቤቷ ነክራለች። አሥራ አምስቱን ደግሞ ሂናኮ ነበረች የምትነክረው።

«ሂና፣ መቼ ነው የነከርሽው?»

ሂናኮ ሰማይ ሰማዩን አየች።

«ሂና!»

«ዛሬ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ባክሽ አትጩኺ። የማጠናከሪያ ትምህርት ሳምንቱን ሙሉ ገደለኝ እኮ፤ ቤት ስገባ ከነጫማዬ ነው የተኛሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ውጤቱ አማረ» አለች ሂናኮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደግሞ አታካብጂው። ጎባጣው እንደሚሻል ማን ያጣዋል? መልሱ ያው ነው።»

«መልሱማ ያው ይሆናል። እሳቸው ግን እጄ ከዳኝ ብለዋል።»

ሂናኮ ወደ በረንዳው ዞር ብላ አየች፤ ቶሎም አቀረቀረች። ቺዙሩ እዚያው ሣሩ ላይ ብትጋደም ደስ ባላት። ምናለ ሌላ ሰው ቢጠርገው ኖሮ! ዝም ብትል አንደኛ ናቸው፤ ማንም አያውቅም። አባባም አንድ ቀን መተዋቸው አይቀርም፣ ዕድሜ ነው። ይህን ሁሉ አሰበችና ራሷን ጠላች። አባባ ዘይቱን ጨርሰው ጎራዴውን ወደ ሰገባው መለሱ፤ ስልካቸውንም ከኪሳቸው አወጡ። ቺዙሩ ደረቁን ቁራጭ ይዛ ሄደች።

«አባባ፣ ሳይደውሉ ይህን ይዩልኝ።»

አባባ ቁራጩን ተቀብለው በጣታቸው ጨበጥ አደረጉት። ከዚያ ሰበሩት።

«እኔ ይህን ነው ስቆርጥ የነበረው?»

«አዎ። በደንብ ሳይነከር ቀርቶ ነው። ስድስቱን ቆርጠውታል።»

ሂናኮ ከኋላ መጥታ ወገቧ እስኪታጠፍ አጎነበሰች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው ስባሪውን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ይቆጣሉ ሲባል ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ስድስት! በደረቁ!» አሉ። «አይ እናንተ፣ በቁሜ ልትቀብሩኝ! ሙራሴ ይቆየን።» ወዲያው ኮስተር አሉ። «በሉ ሌላ ሰሌን አሁኑኑ ንከሩ። ነገ ትምህርት ቤት ሳትሄዱ እደግመዋለሁ።»

ሊነሡ ሲሉ ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ አልወጣ አለ። ፊታቸውን ቋጠሩና የታመመውን ክንድ በሌላው እጃቸው ደገፉት።

ሂናኮ ቺዙሩን አየቻት። ለመነቻት ማለት ይሻላል። አንድ ቀን ብቻ፣ አሥራ አምስት ምት ብቻ።

«አይደግሙም» አለች ቺዙሩ። «ክንድዎ ይረፍ።»

«ውድድሩስ?»

«ይቅር፣ አባባ። ደክሞናል፤ ሁላችንም ደክሞናል።»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። መደምደሚያ ከሚለው ሥር እንዲህ ጻፈች፤ «የመጉበጥን ጥቅም በዚህ ሙከራ ማወቅ አልቻልንም። ለቀጥታው ጎራዴ የቀረቡት ሰሌኖች በቂ ውሃ አልጠጡም። ስሕተቱ የእኛ ነው፤ የቆራጩ እጅ ምንም አልጎደለውም።»

«'የእኛ' የሚለውን 'የሂናኮ' በይው» አለች ሂናኮ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ዝም ብለሽ ፈርሚ።»

ሂናኮ ፈረመች። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ቃል በቃል አነበቡት።

«መጨረሻ ላይ ያለችው በዝታለች» አሉ። «'ምንም አልጎደለውም' አይባልም። ትንሽማ ጎድሎታል።»

«አልበዛችም» አለች ቺዙሩ፤ ወረቀቱንም ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።