መልሱ የኔ ነው

ታላቅ ወንድሜ ሲድረኝ እኔን የጠየቀኝ የለም። ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ሳሎን ለተቀመጡት እንግዶች «እሺ ብላለች» ሲል ሰማሁት። መቼ ነው እሺ ያልኩት? ለማን? ባሌን ያየሁት ቤቱ ከገባሁ በኋላ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነፍሱን ይማረውና ቶሎ ሞተ። እኔም ወደ ወንድሜ ቤት ተመለስኩ። ያቺ «እሺ ብላለች» ግን ስንት ዓመት ሙሉ እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰክታ ኖረች።

የምሠራው ተማሪዎችን ለሥራ ልምምድ ውጭ አገር የሚልክ ድርጅት ውስጥ ነው። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። አንድ ቀን የተማሪዎቹ አሠልጣኝ አሁን በወለወልኩት ወለል ላይ በጭቃ ጫማው ሲያልፍ ቀና ብዬ አየሁት። ባለበት ቆመ። «ይሄ ፊት ያስፈልገኛል» አለ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ቃለ መጠይቅ ሲለማመዱ የውጭ አገር አሠሪ ሆኜ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ቋንቋውን አላውቀውም። የሚጠይቀው አሠልጣኙ ነው፤ የኔ ሥራ እጄን አጣጥፌ መቀመጥና አለመሳቅ ነው። ፊቴን ችሎ ያወራ ልጅ እዚያ ማንንም አይፈራም። ስሜም «ቀጣሪዋ» ሆኖ ቀረ።

አንድ ጠዋት ወንበሬ ላይ ሆኜ አሠልጣኙን ስጠብቅ፣ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ አንኳኩቶ ገባ። ኮቱን ቆልፎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና መንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ለሹፌርነቱ ነው የመጣሁት፣ እመቤት።»

ዝም አልኩ። የለመድኩት ዝም ማለትን ነው።

«አልጠጣም» አለ።

ዝም።

«ማለቴ... ሚስቴ የሞተች ጊዜ ትንሽ አብዝቼ ነበር። አሁን ትቻለሁ።»

ዝም።

«አንድ ጊዜ አጥር ገጭቻለሁ። ድመት ላተርፍ ብዬ ነው። አጥሩን ራሴ ሠራሁላቸው... ድመቷ ግን አላመሰገነችኝም።»

አሠልጣኙ ገባና በሳቅ ፈረሰ። «ጋሼ፣ እሷ እኮ የጽዳት ሠራተኛችን ናት።»

የሰውዬው ፊት ቲማቲም መሰለ። ግን አልተቆጣም። ወደ እኔ ዞሮ «እንዲህ የሆዴን ዘርግፌልሽ አንቺ ካልቀጠርሽኝ ማን ይቀጥረኛል?» አለኝ። ያን ጊዜ ሳቄ አመለጠኝ።

ተቀጠረ። ልጆቹን ኤርፖርት አድርሶ ሲመለስ፣ የባዶውን ሚኒባስ በር ከፍቶ ይጠብቀኝ ጀመር።

«ቀጣሪዬ፣ ግቢ ላድርስሽ።»

«ዐይንህ ቀልቷል። ዛሬም አለቀስክ?»

«እናቶቹ ናቸው የሚያስጀምሩኝ። የምሸኘው አንቺን ቢሆንማ ማን ይነዳልኛል?»

መንገዱ እንዳያልቅ የምመኝ ሰው ሆንኩ።

ከዚያ አንድ ሰኞ «እንደምን አደሩ» አለኝ። አደሩ! አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው አንቱ አለኝ። የሚኒባሱም በር ተዘጋ። ሰለቸሁት ብዬ አንድ ሳምንት ተብሰለሰልኩ። ከዚያ ግን እኔ ተቀምጦ ማልቀስ አልችልበትምና ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ምን አድርጌህ ነው አንቱ ያልከኝ?»

መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ወንድምሽ ዘንድ ሄጄ ነበር። በወግ በማዕረግ ልጠይቅ ብዬ። ‹እሷ ትዳር በቃኝ ብላለች› አለኝ።»

ብላለች። አሁንም ብላለች።

«የምታገባው ወንድሜን ነው?»

«ኧረ በስማም... አንቺን ላከብር ብዬ እኮ ነው።»

«እኔን ማክበር ከፈለግክ እኔን ጠይቀኝ።»

ከሚኒባሱ ወረደ። የሚይዝበት ቦታ ያጣ ይመስል እጁን ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣው።

«ታገቢኛለሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ላስብበት» አልኩት።

ማሰብ አላስፈለገኝም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰው የኔን መልስ ቆሞ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም። ትንሽ ልየው ብዬ ነው። ከንፈሩ ደረቀ። ዐይኑን ከፊቴ አልነቀለም። እንዴት ደስ ይላል!

የግቢው ጥበቃ ከወዲያ ሆኖ «እትዬ፣ ሰውዬው ሳይሞት ንገሪው እንጂ» አለ።

«እሺ» አልኩ። በገዛ አፌ።

ሐሙስ ዕለት ማዘጋጃ ቤት ሄደን ተፈራረምን። የኔ ምስክሮች አሠልጣኙና ጥበቃው ነበሩ። ባሌን ከታች ጠብቀኝ ብዬ ብቻዬን ወደ ወንድሜ ቤት ወጣሁ። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ዜና ያያል።

«አግብቻለሁ። ልብሴን ልወስድ ነው» አልኩት።

ተነስቶ ተቀመጠ። «በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ምን ይላል?»

«እንኳን ደስ ያለሽ ይላል። የማይል ይተወው።»

«ታላቅሽ አይደለሁም እኔ? አንዲት ቃል እንኳ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» ዐይኑ እንባ አቀረረ። እውነቱን ነው፣ አሞታል።

«አየህ፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት። «እኔንም ልክ እንደዚህ ነው ያመመኝ።»

መልስ አልጠበቅኩም። ልብሴን ሰበሰብኩ። ስወጣ ጎንበስ ብዬ ጉንጩን ሳምኩት፤ ወንድሜ ነው፣ አልጥለውም። ከዚያ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ደረጃውን ወረድኩ።